በዓመቱ መጨረሻ በጃፓንኛ እንጸልያለን

የሰው ልጅ ዕቅድ ሲያወጣ ደፋር ነው፤ በተለይ የዓመቱ መጨረሻ ገና ሩቅ ሲሆን። መስከረም ላይ አንዱን መንገድ ላይ አቁማችሁ «ዘንድሮ ምን አሰብክ?» ብትሉት ሲጋራውን ያቆማል፣ ቦርጩን ያጠፋል፣ አጥሩን ያድሳል፣ ከአማቱ ጋር ይታረቃል። ኅዳር ላይ ስትጠይቁት «ጀምሬዋለሁ» ይላል። ጥር ላይ ወሬ ይቀይራል። ግንቦት ላይ እናንተን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

እኛ ደግሞ ከሌላው ዓለም የተለየ አንድ በረከት አለን፤ ዓመታችን የሚያልቀው አንዴ ብቻ አይደለም። ፈረንጅ ዕቅዱ በእሱ ታኅሣሥ ካልተሳካ አበቃለት፣ አንገቱን ደፍቶ ርችት ሲያይ ያመሻል። እኛ ግን ጳጉሜን ላይ ካልሆነልን «እኔ እንኳ ያሰብኩት በፈረንጆቹ ነበር» እንላለን። በፈረንጆቹም ካልሆነ የበጀት ዓመት የሚባል አለ፣ እሱ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ መንግሥት ቤት ለሠራ ሰው እሱም ዓመት ነው። ጎረቤቴ ሐጂ አደም ደግሞ የእነሱ ዓመት በየጊዜው ቀደም ቀደም እያለ እንደሚመጣ አስረድተውኛል። ስለዚህ በከተማችን በቺሮ ብልህ የሆነ ሰው ዕቅዱን ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው እያሸጋገረ አንዴም ሳይወድቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ከተማዋ ራሷ እንኳ ሁለት ስም ነው ያላት። በቺሮነቷ ያልተመቻችሁ እንደሆነ አሰበ ተፈሪ ብላችሁ ትጠሯታላችሁ።

ታዲያ ማምለጫ እንዲህ በተትረፈረፈበት አገር እኔ እንዴት ተያዝኩ አትሉም? በቤት ኅብረት ነው የተያዝኩት።

ለማታውቁት ላስረዳ። እኛ ጴንጤዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። እንዘምራለን፣ ቃሉን እናጠናለን፣ ዳቦ ካለ ዳቦ እንበላለን፤ መጨረሻ ላይ መሪያችን ወንድም ገመቹ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ይላል። የጸሎት ርዕስ ሲሰጥ ደግሞ ስም አይጠራም፤ ነውር ነው። «በጎረቤታችን አንድ ትዳር ተናግቷል» ይባላል። ጎረቤትየው እዚያው ተቀምጦ «ጌታ ሆይ አስብ!» እያለ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ወይም ያወቀ ይመስለዋል። አንድ ነገር አንዴ ርዕስ ሆኖ አሜን ከተባለበት በኋላ ግን መመለሻ የለውም። በየሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ይባላል። የዓመቱ መጨረሻ እሑድ ደግሞ የምስጋና ፕሮግራም አለ፣ ርዕስ ያስያዘ ሁሉ ቆሞ ይመሰክራል። ዓመቱም የታወቀ ነው፣ ጳጉሜን ነው። እዚህ ላይ ወንድም ገመቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ማታለል አይቻልም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ፌቨን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተነች፤ ውጤቱ ሲመጣ አልሆነም። አልሆነም ስላችሁ በትንሽ አይደለም። እርግጥ ከክፍሏ የሆነለትን ልጅ ፈልጎ ማግኘትም ከባድ ነበር፣ ግን ከብዙ ሰው ጋር መውደቅ አባትን ያጽናና እንደሆነ ነው እንጂ ልጅን አያጽናናም። ብርድ ልብሷን ተከናነበች፣ ስልኳን ይዛ አልጋዋ ላይ ቀረች። ለቁርስ ስትጠራ «ቆይ»፣ ለምሳ ስትጠራ «ቆይ»። ድሮ ከቤት የምትወጣበትን ሰበብ የምትፈጥር ልጅ አሁን የማትወጣበትን ሰበብ ትፈጥር ጀመር። ልቤ ደማ። ቀልዱን ትተን፣ እውነት ልቤ ደማ። እናቷ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አግኝቻት አንገቴን ደፍቼ ወደ በረንዳ ወጥቻለሁ።

እኔ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ሥራዬ የውኃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ቺሮ ዳገቷ ብዙ ነው፤ ጸጉሬ የሸበተው እሱን ስወጣና ስወርድ ነው። የማላውቀው ግቢ፣ የማያውቀኝ ውሻ አልነበረም። ጡረታ ስወጣ «እንግዲህ ዕረፍት ነው» አልኩና በረንዳ ላይ ወንበር አወጣሁ። ከወንበሬ ሆኜ በአስፋልቱ የሚያልፈውን አያለሁ፦ ወደ ሐረር የሚወጣውን አውቶቡስ፣ ከሂርና የሚመጣውን ሚኒባስ፣ ጫት ጭኖ ነፍሱን ይዞ የሚበረውን አይሱዙ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ማየት አለበት፤ ለምን እኔ አልሆንም? ከወንበሬ የማልነሣው መነሣት ስላስጠላኝ አልነበረም፣ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ አልማዝ በኅብረት ላይ እጇን አወጣች። «በቤታችን አንድ ነፍስ ተስፋ ቆርጧል። ጌታ ከተቀመጠበት እንዲያነሣው ጸልዩልኝ» አለች። ፌቨን በዚያ ቀን እናቷ በልመና ጎትታ አምጥታት በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አሳዘነችኝ። በሰው ሁሉ ፊት ስለተጸለየላት እንዳትሸማቀቅ ብዬ ወደ እሷ አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ «አሜን!» አልኩ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበረ መልሶ ጮኸ። የሚገርመው፣ እሷም ከጥጉ «አሜን!» ስትል ሰማኋት። «አይ ልጄ፣ ችግሯን አውቃለች ማለት ነው» ብዬ ተጽናናሁ።

ጸሎቱ በምን በኩል እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ብዙ ሳይቆይ ከፌቨን ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ለብቻዋ ትናገራለች። አማርኛ አይደለም፣ ኦሮምኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው በመንፈስ የሚነገር ልሳን ነው፤ ደስ አለኝና በሩን ገፋ አደረግኩ። ስልኳ ላይ ዓይናቸው ከፊታቸው የሚበልጥ የካርቱን ልጆች ይጯጯኻሉ፣ እሷም ከሥር ከሥር እየተከተለች ትላለች።

«ምንድን ነው?»

«ጃፓንኛ ነው።»

ለሳምንታት ከልጄ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኔም ጃፓንኛን አገባሁ። «እኔንም አስተምሪኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ትንሽ የሚያዝን ዓይነት ነበር፤ ያኔ ትርጉሙ አልገባኝም። «እሺ አባዬ» አለችና ከአልጋዋ ወረደች።

እዚህ ላይ ስለ ጃፓንኛ ጥቂት ልመስክር። ሰዎቹ ዘመዶቻችን ናቸው። ፊደላቸው እንደ እኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱን አጉድለዋል እንጂ። ግሣቸውንም እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ሰውየው ብሩን አበድሮህ ይሁን ሰርቆህ የምታውቀው ተናግሮ ሲጨርስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ይህማ አማርኛ ነው፣ አጠራሩ ነው የተበላሸው» እያልኩ በረንዳው ላይ እንጎራደድ ነበር። ከዚያ ሌላ ፊደል መጣ። እሱ ፊደል አይደለም፣ የወፍ ጎጆ ነው። አንዱን ለመጻፍ እጅ ይዝላል፤ አንዱን ጎጆ ከሌላው ጎጆ የሚለየው ደግሞ አንዲት ስንጥር ናት። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

ፌቨን የቤቱን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጽፋ ለጠፈችበት። የጨው ዕቃው ላይ «ሺዮ»፣ በሩ ላይ እንዲሁ፣ መስኮቱ ላይ እንዲሁ። አልማዝ መጀመሪያ በወረቀቶቹ ዙሪያ እየጠረገች አለፈች። ወረቀት ምጣዱ ክዳን ላይ ሲደርስ ግን «የጸለይኩት ይህን አይደለም» ስትል ሰማኋት።

የኔ ስሕተት የመጣው እዚህ ላይ ነው። በኅብረት ወንድም ገመቹ «የእኅት አልማዝ ርዕስ እንዴት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ አላስችል አለኝና ተነሥቼ «ይመስገን! ፌቨን ጃፓንኛ ጀምራለች፣ እኔም አብሬአት አለሁ» አልኩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ርዕሱ ከጃፓንኛ ጋር በምን እንደተገናኘ ግልጽ አልሆነለትም መሰለኝ። ወንድም ገመቹ ግን ወኔ አያጣም። «እንግዲያው በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና ፕሮግራም ላይ አባትና ልጅ በጃፓንኛ ይጸልዩልናል!» አለ። «አሜን!» አለ ቤቱ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን ይመስላችኋል? ልማድ ክፉ ነው፤ ካልኩት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት።

አንዳንዶቻችሁ «ምን ችግር አለው? ቺሮ ውስጥ ጃፓንኛ የሚያውቅ የለ። ያገኛችሁትን ብትሉ ማን ያርማችኋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም አስቤው ነበር። ግን ስለ ጸሎት ነው የምናወራው። ከተማው ውስጥ ጃፓንኛ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ የሚጸለየው ደግሞ ወደ እሱ ነው።

ከኅብረት የወጣ ወሬ አስፋልት ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም። ሐጂ አደም ከቤታችን ፊት ለፊት ጫት ይነግዳሉ። በማግሥቱ ጠዋት ገና በረንዳ ላይ ስወጣ «ኦቦ ተሾመ! ጃፓን ሆነሃል አሉ» ብለው ጮኹ። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝም ነው፣ አማርኛቸው ውስጥ አንቱ ስለሌለችም ነው።

«እየሞከርን ነው ሐጂ።»

«ጃባዱ! ናማ ጃባቱ ረቢን ገርጋራ» አሉኝ። በርታ፣ የሚበረታን ሰው ፈጣሪ ይረዳዋል ማለታቸው ነው። ፌቨን ከውስጥ ሰምታ «ጃፓኖቹም እኮ አላቸው፣ ጋንባሬ ይላሉ» አለች። ሐጂ ቃሉን ወደዱት። ከዚያ ወዲያ እኔን ባዩ ቁጥር፣ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሮም ቢሆን፣ «ጋንባሬ ኦቦ!» ማለት ሆነ ሥራቸው። እንዲህ ያለ ጎረቤት እያለህ ማቋረጥ የት ይቻላል?

አንድ ጠዋት ሐጂ ልጃቸው የሚነዳትን አሮጌ ፒክ አፕ በራችን ላይ አስቆሙ። መኪናዋ ከጃፓን ስትመጣ ከፀሐይ መከላከያው ላይ አንድ ተለጣፊ ጽሑፍ አብሯት መጥቷል። ለዓመታት ምን እንደሚል ሳያውቁ አንዲት ጥግ እንኳ እንዳትነሣ እየጠበቁ ይዘውታል። «አሮጌ ነው፣ ግን አልነካውም። ምናልባት ዱዓ ይሆናል። ይቺ መኪና ስንቴ ተገልብጣ ሰው አልሞተባትም» አሉ። የጫት ነጋዴዎቹ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። «ማል ጄዳ? ምን ይላል?» ይላል ሕዝቡ። እኔ አንገቴን አስገብቼ አየሁትና በውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሞገስ «እህም» አልኩ።

ፌቨን ገባች። የቤት ሱሪዋን እንደለበሰች፣ በነጠላ ጫማ፣ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ በቀን ብርሃን አስፋልት ላይ። ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ሆሄ በሆሄ ያዘችው፦ «ሺ... ቶ... ቤ... ሩ... ቶ...» ደገመችው፤ ከዚያ ፊቷ በራ። «ሲት ቤልት ነው! ቀበቶ እሰሩ ነው የሚለው!»

ሐጂ አደም ልጃቸውን አዩት፤ ልጃቸው መሬት አየ። የመኪናዋ ቀበቶ ገና ድሮ ተቆርጦ ወጥቷል። የት ነው ያለው ብትሉ፣ ከኋላ የጫቱን ጆንያ ጠፍሮ አስሯል። «ቀበቶማ አለን፤ ጫቱ አስሯል» አለ ልጅየው። ፌቨን ሳቀች። ሳቋ መኪናው በር ላይ እስክትደገፍ አደረሳት፣ ሕዝቡም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። የልጄን ሳቅ ረስቼው ነበርና።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሄደ። ከሂርና የሚመጣ ሾፌር፣ ከገለምሶ የሚመጣ ሾፌር፣ መኪናው ላይ የጃፓን ጽሑፍ ያለ ሁሉ «የጃፓን ቤት የታል?» እያለ ይመጣ ጀመር። አንዱን ለማየት መናኸሪያ ድረስ እንሄዳለን፣ ሌላውን ለማየት እስከ ገበያ። አብዛኛው ጽሑፍ ቀልብ የሚስብ አልነበረም። ቀልብ ያልሳበው ያነበብነው ነው፤ ያላነበብነው ደግሞ ይበዛ ነበር። ለዚያ «ይህ የድሮ ጃፓንኛ ነው» የሚል መልስ አዘጋጅቻለሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ግን ነሐሴ ላይ እንቁላሉ ተቀመጠ። ዝናቡ አላባራ አለ። የወፍ ጎጆዎቹ በዙ። ፌቨን ጠዋት ስልኩን ስትከፍት ፊቷ እንደ ሰማዩ ጨፍግጎ አይ ጀመር። «ራሴን አመመኝ» ትላለች። በማግሥቱ «ትንሽ ቆይተን» ትላለች። «ቆይ» የምትለዋ ቃል ተመልሳ ወደ ቤታችን ስትገባ ነፍሴ ጨነቃት። ይህች ልጅ ካቆመች አልጋዋ ላይ ነው የምትመለሰው፣ አልጋዋ ላይ ከተመለሰች ደግሞ በምን እንደማነሣት አላውቅም። ሁለተኛ ጃፓን የለኝም።

ለኔማ ቢሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ እናድርገው ባይ ነበርኩ። ግን አንድ ዘዴ መጣልኝ። መምህር ተማሪውን ትቶ አይሄድም፤ በተለይ ሰነፍ ተማሪ ከሆነ። ስለዚህ ሆን ብዬ መሳሳት ጀመርኩ። ትናንት በሚገባ ያልኩትን ዛሬ እረሳለሁ። ጨውን ውኃ እላለሁ፣ በርን መስኮት እላለሁ፣ ሰላምታውን ከስንብቱ ጋር አምታታለሁ። ፌቨን ታየኛለች፤ ትንፋሿን ትስባለች። «አይ፣ አባዬ... ቆይ እንደገና ላስረዳህ» ትልና ትቀመጣለች። ተሳካ! ባጠፋሁ ቁጥር ከአጠገቤ አልርቅ አለች። መድኃኒቱ ሲሠራ የሚያይ ሐኪም የሚሰማው ምን እንደሆነ ያን ሰሞን ገባኝ። ሆን ብዬ ከተሳሳትኳቸው ይልቅ ሳላስበው የተሳሳትኳቸው እንደሚበዙ አውቃለሁ፤ ግን እሱን ለይቶ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ጳጉሜን ደረሰ። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሞላ። ሐጂ አደም ሳይቀሩ «የጃፓኑን ነገር ልይ» ብለው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ምስክርነቴን ለቀናት ሳሰላስል ከርሜአለሁ፤ ልጄ እንዴት እንደወደቀች ሳይሆን እንዴት እንደተነሣች፣ አባት ሲደገፍ ልጅ እንዴት እንደምትቆም፣ ሰውን በማያስለቅስ ግን ዓይኑን በሚያረጥብ መንገድ አዘጋጅቼዋለሁ። ወንድም ገመቹ ግን «በመጀመሪያ እኅት ፌቨን» አለ።

ፌቨን ወጣች። ማይኩን ከገመቹ ተቀበለች። «ካሚሳማ፣ አሪጋቶ ጎዛይማስ»፣ አምላክ ሆይ አመሰግናለሁ፣ ብላ ጀመረችና አጭር ጸሎት ጸለየች። ስለ እናቷ አለች፣ ስለ ከተማዋ አለች፣ ስለ ዝናቡ አለች። ስለ አባቷም የሆነ ነገር አለች፤ እሱን አልያዝኩትም፣ ያላጠናነው ቃል ነበረበት። ቤቱ «አሜን» አለ። ከበሩ በኩል «ጋንባሬ!» የሚል ተሰማ። ከዚያ ማይኩን እንደያዘች ወደ አማርኛ ዞረች።

«እናቴ ርዕስ ያስያዘችው ለማን እንደሆነ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ» አለች። እኔ በትሕትና አንገቴን ደፋሁ፤ የአባት ነገር። «አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከበረንዳ አልወርድም ብሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪና ያያል። እኔ ከክፍሌ ሆኜ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። እኔም በራሴ ጉዳይ ተኝቼ ስለነበር የምረዳበት አጣሁ። አንድ ቀን ግን ጃፓንኛ አስተምሪኝ አለኝ። እሱ አንድ ነገር ሲፈልግ ያኔ ነው ያየሁት። ስለዚህ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ የወደድኩት ካርቱኑን ነው፤ ቋንቋውንማ ቶሎ ነው የጠላሁት። ነሐሴ ላይ ላቆም ነበር። ግን አባዬ ሁሉን ነገር መርሳት ጀመረ፤ ጨውን ውኃ ይላል። አእምሮው እየደከመ መስሎኝ ደነገጥኩ። ካቆምኩ ይብስበታል ብዬ ፈራሁ። አሁን ደህና ነው። መናኸሪያ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ጌታ ይመስገን።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ሴቶች አለቀሱ። አንዲት እናት ከኋላዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ «አይዞዎት፣ አልፏል» አሉኝ። ሐኪም ነኝ ብዬ ስመላለስ የከረምኩት፣ ለካ አልጋው የኔ ኖሯል።

«ወንድም ተሾመ!» አለ ገመቹ።

ተነሣሁ። ወደ ፊት ስሄድ ያለችኝ ጊዜ አጭር ናት። ያዘጋጀሁትን ብናገር ልጄ በሕዝብ ፊት ታማሚዋ እሷ ትሆናለች፤ ያ ፈተና፣ ያ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም አደባባይ ይወጣል። ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት ብልም ማን ያምነኛል? ጨውን ውኃ ያለ ሰው ምስክርነት የት ይደርሳል? ማይኩን ያዝኩ። ፌቨን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ያ የመጀመሪያው ቀን አስተያየቷ ነው። አሁን ትርጉሙ ገባኝ።

«እውነት ነው» አልኩ። «ደክሜ ነበር። ልጄ ናት ያነሣችኝ።»

ለልጄ ብዬ ልዋሽ ነበር አፌን የከፈትኩት። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን ውሸቱን ብፈልገው አጣሁት። ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ አይሱዙ፣ የምሄድበት የለኝም እያልኩ ያሳለፍኳቸው ጠዋቶች ባንዴ መጡብኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። በጃፓንኛ ልጸልይ የነበረውን ሁሉ ረሳሁት፤ ይህን ጊዜ ሆን ብዬ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ፌቨን ከጓደኞቿ ጋር ቀድማ ሄዳለች። አልማዝን ጠየቅኳት፦

«ለመሆኑ ያን ርዕስ ያስያዝሽው ለማን ነበር?»

«ላንተ ነዋ» አለች ሳትዞር። «ወንበሩን ካወጣህበት ቀን ጀምሮ ልሰጠው አስብ ነበር። በኋላ እሷም ተኛች። ርዕሱን መቀየር አላስፈለገም።»

«ታዲያ ስም ብትጠሪ ምን ነበረበት?»

«ብጠራ አንተ ትነሣ ነበር?» አለችኝ።

መስከረም ጠባ። ፌቨን እንደገና ለመፈተን ወስና ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀምራለች። የመጀመሪያ ቀን ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመችና «አባዬ፣ እኔ ጃፓንኛው በቅቶኛል። አትቀየመኝም?» አለችኝ። «ኧረ በፍጹም፤ እኔም ላንቺ ብዬ ነው እንጂ» አልኳት። አላመነችኝም። ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ቤቱ ጸጥ አለ። እንግዲህ ነጻ ወጣሁ አልኩ በልቤ፤ የሚጠብቀኝ ፕሮግራም የለ፣ የማነሣው ሰው የለ። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኬን ያነሣሁት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ነበር፤ እጄ ግን ፌቨን የጫነችልኝን የጃፓንኛ ትምህርት ከፈተችው። አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ «ኪዮ ዋ ናኒ ኦ ሺማስ ካ?» ስትል ጠየቀችኝ። ዛሬ ምን ይሠራሉ ማለቷ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ግሡን በሥነ ሥርዓት መጨረሻ ላይ አስቀምጬ መለስኩላት፦ ዛሬ ጃፓንኛ አጠናለሁ።